የአክስቴ አፍንጫ

አክስቴ ሰንደል በሚሠራበት አንድ ቤት ሃያ ሁለት ዓመት ሠርታለች። አዲስ የሰንደል እንጨት ዱቄት በመጣ ቁጥር ከጆንያው ቆንጠር አድርጋ መዳፏ ላይ ታሸዋለች፤ ዓይኗን ጨፍና ታሸታለች። ከዚያ ወይ «ይግባ» ወይ «ይመለስ» ነው። ይግባኝ የለም።

«እውነተኛ ሰንደል አይጮህም» ትለኝ ነበር። «ሽቶ የተረጨበት ሰጋቱራ ገና ከበር ‹መጣሁ! መጣሁ!› ይልና ወዲያው ይጠፋል። ሰንደል ግን ዝግ ብሎ ነው የሚገባው። መጀመሪያ ወተት ወተት ይላል፤ ቀጥሎ ፀሐይ የመታው እንጨት። ሳታስቢው ልብስሽ ላይ ተቀምጦ ታገኚዋለሽ፤ በማግስቱም አለ።»

ካቻምና ኃይለኛ ጉንፋን ጣላትና ሳምንት ሙሉ ተኛች። ስትነሳ ሽታ የሚባል ነገር የለም። ባሏ ሽንኩርት እያሳረረ እሷ አጠገቡ ዝም ብላ ተቀምጣለች።

«ሃያ ዓመት ስትቆጪኝ ኖረሽ ዛሬ ዝም?» አለ ደንግጦ። «ተነሺ፣ ሐኪም ቤት እንሂድ!»

ሐኪሙ ማሽተቷ ሊመለስም ላይመለስም እንደሚችል ነገራት።

ወደ ሥራ በተመለሰችበት ቀን አዲስ ጆንያ ደረሰ። አብረዋት ሰንደል የሚጠቀልሉት ሴቶች ሁሉ እሷን አዩ። ቆንጥራ አሸተተች፤ ምንም የለም። «ይግባ» ብትል ማንም አያውቅባትም ነበር። እሷ ግን እጇን አራግፋ በቀጥታ ወደ ድርጅቱ ባለቤት ሄደች።

«ጋሼ፣ አፍንጫዬ አልሠራ ብሎኛል። እኔን አይመኑኝ።»

ሽማግሌው መነጽራቸውን አወለቁ። «ታዲያ ማንን ልመን?»

«ሴቶቹን። አፍንጫ እኮ አላቸው፤ የጠየቃቸው ሰው ነው የጠፋው።»

ከአዲሱ ዱቄት ጥቂት በሙጫ ለውሳ ስንጥር ላይ ጠቀለለችና ጥላ ውስጥ አደረቀችው። በሦስተኛው ቀን እሱን ዕቃ ቤት ውስጥ፣ ከድሮው ሰንደል አንዱን ደግሞ ማሸጊያው ክፍል ውስጥ ለኮሰች።

«ምን ይላል?» አለች ሴቶቹን ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው እያስገባች።

«አዲሱ ይጣፍጣል» አለች አንዷ።

«ጣፋጭማ ከረሜላም ነው! ጉሮሮሽን ይከረክራል ወይስ ያለሰልሳል?»

ተከራከሩ፤ ግማሾቹ እንዲያውም አዲሱን ወደዱት። ነዶ ሲያልቅ ሁሉንም ወደ ግቢው አስወጣቻቸውና ቆይታ መለሰቻቸው። ማሸጊያው ክፍል ገና ሞቅ ያለ እንጨት ይሸታል። ዕቃ ቤቱ የተቃጠለ ወረቀት ብቻ።

«ይመለስ!» አሉ ሴቶቹ በአንድ አፍ።

እንዲህ እያደረገች አሥር ወር አስተማረቻቸው፤ ራሷ የማታሸተውን።

አንድ ጠዋት ጆንያ ስትፈታ ድንገት ቀጥ አለች። እንደገና ጎንበስ ብላ አሸተተች፤ ወተት ወተት ይላል። ከዚያ መሬት ላይ ቁጭ ብላ፣ ዱቄት በነካ እጇ ፊቷን ሸፍና አለቀሰች። ሴቶቹ የሚጠቀልሉትን ጥለው ከበቧት።

ዛሬም እዚያው ትሠራለች። ዱቄት ሲመጣ ግን መጀመሪያ እነሱ ያሸታሉ፤ እሷ መጨረሻ ላይ ነው የምትናገረው።