ነጭ እግር የሌላት ኮሊ

የቨርና ቶልፍሰን ተራ ቀን፣ ውሻዋ ታንሲ እስካለች ድረስ፣ የሚጠይቃት አንድ ዳገትና ሁለት ፉጨት ነው። ታንሲ ከሌለች ሁለት ጉልበቷን ያስከፍላታል። ሰማንያ አራት በግ ከአሜሪካዋ አይዳሆ ኮረብታ ሰብስባ የምታወርደው ውሻዋ እንጂ የስድሳ ሦስት ዓመቷ ሴትዮ አይደለችም። ታንሲ ከሌለች በጎቹም የሉም፤ ይሸጣሉ።

ለዚህ ነው፣ ለጥንቃቄ ብላ፣ ጎረቤቷን ድዋይትን ሦስት ጊዜ የለመነችው። "ለፈረሶችህ የትል መድኃኒት የምትሰጥበትን ቀን ብቻ ንገረኝ፣ ውሻዬን አስራለሁ።" ሦስቴም "እሺ" አላት። እሺ ማለት ምን ይከብዳል?

ሚያዝያ ላይ አንድ ጠዋት ታንሲ እንደ ሰካራም ተንገዳግዳ አጥሩ ሥር ወደቀች። ቨርና መኪናዋ ላይ ጭና ወደ እንስሳት ሐኪሟ ከነፈች።

"ምን በልታ ነው?" አለች ሐኪሟ።

"የድዋይትን ፈረሶች ፋንድያ። ሁልጊዜ ትበላለች።"

"ትናንት መድኃኒት ውጠው ከሆነ በፋንድያው ይወጣል። እሷ ደግሞ ኮሊ ናት፤ ከዚህ የውሻ ዘር ብዙዎቹ ያን መድኃኒት አይችሉትም።"

"እግሯ እኮ ጥቁር ነው።"

ቨርና ያደገችው ኮሊ ከሚያረቡ ሰዎች ቤት ነው። አባቷ "ነጭ እግር ካየሽ መድኃኒቱን አርቂ" ይሏት ነበር። እሷም ጥቁር እግር መርጣ ገዛች፤ የዘረመል ምርመራ ማስደረጉንም ተወችው።

"እትዬ፣ ቀለሙ ምንም አይነግርዎትም" አለች ሐኪሟ መተንፈሻ ቱቦውን እያስገባች። "በአንጎል የደም ሥሮች ግድግዳ ላይ፣ ሕዋሳቱ ውስጥ፣ ከፕሮቲን የተሠሩ ጥቃቅን ፓምፖች አሉ። መርዝ ሾልኮ ሊገባ ሲል ይዘው ወደ ደም መልሰው ይተፉታል። የፈረሱም የእርስዎም ይሠራሉ። የታንሲ ግን ከተወለደች ጀምሮ አይሠሩም። በሩ አለ፣ ዘበኛው የለም። ማርከሻም የለውም፤ እስኪወጣላት በማሽን እያስተነፈስን መጠበቅ ነው።"

በአራተኛው ቀን ድዋይት ቨርና ደጅ ብቅ አለ። "ደካማ ዘር ነው የገዛሽው፣ ቨርና። የኔ ላብራዶር ውሻ ያንኑ ፋንድያ ጠግቦ ይኸው ይዘላል።"

"ያንተ ላብራዶር ፓምፕ አለው" አለችው፣ በግ ስታባርር ያበጠ ጉልበቷን እያሸች። "አንተ ደግሞ ስልክ አለህ። የሷ ፓምፕ አለመሥራት የተፈጥሮ ነው። ያንተ ስልክ አለመደወሉስ?"

ድዋይት ባርኔጣውን በእጁ አሽከረከረ።

በሰባተኛው ቀን ታንሲ ጅራቷን አነቃነቀች። በዐሥራ ሁለተኛው ቆመች፤ እግሯ ገና ቢንቀጠቀጥም ዓይኗ ከወዲሁ ኮረብታውን ይፈልግ ነበር። ቨርና ግን ንዴቷ አልበረደም፤ ግማሹ በድዋይት፣ ግማሹ በራሷ ነው። ስለዚህ ይህን ለምታነቡ ሁሉ የምትለው አለ፦ "ለፈረሳችሁ የትል መድኃኒት ስትሰጡ ለጎረቤት ደውሉ፣ ፋንድያውንም ዝቃችሁ አርቁ። ኮሊ ካላችሁ ደግሞ እግሩን አትዩ። ጉንጩን ከውስጥ በጥጥ ጠርጋችሁ ዘረመሉን አስመርምሩ። ዛሬውኑ፣ እባካችሁ።"