በር የሌላት ታክሲ

ልጅ እያለሁ፣ ካርቱም ካላክላ ስንኖር፣ አባቴ ሰይድ አንዲት ያረጀች ቢጫ ታክሲ ነበረችው። ከፖርት ሱዳን የመጣች ስለነበረች የባሕሩ ጨው ከታች በልቷታል። ከኋላ ተቀምጬ ምንጣፉን በእግሬ ገለጥ ሳደርገው አስፋልቱ ከሥሬ ሲሮጥ አየው ነበር። እኔን ደስ ይለኝ ነበር። እናቴ ግን በተሳፈረች ቁጥር ቀሚሷንና እግሯን ሰብስባ ነበር የምትቀመጠው።

እናቴ እህቴን በፀነሰችበት ዓመት አባቴ ታክሲዋን ገበያው ጥግ ለሚሠሩት ሰምከሪ፣ ለዐም ዑስማን ሰጣት። ዐም አጎት ማለት ነው፤ ሰምከሪ ደግሞ እዚያ የመኪና ላሜራ የሚቀጠቅጥና የሚበይድ ሰው ነው። አባቴ የፈለገው የተበላው ቦታ በስቱኮ ተሞልቶ ቀለም እንዲቀባለት ብቻ ነበር። ዐም ዑስማን በሩን በመዶሻቸው ጫፍ ነካ ቢያደርጉት ዝገቱ እየተፈረፈረ መሬት ላይ ወረደ።

«ያ ሰይድ፣ ይሄ እንደ ነቀዘ ጥርስ ነው» አሉት። «ከላይ ብትለቀልቀው ከታች ይበላል። መቆረጥ አለበት።»

ተቆረጠ። ከትምህርት ቤት ስመለስ በዚያ በኩል ማለፍ ልማዴ ሆነ። የተቃጠለ ቀለምና የብየዳ ጭስ ልብሴ ላይ አድሮ እናቴ ትቆጣኝ ነበር። መጀመሪያ ወለሉ ወጥቶ በአዲስ ላሜራ ተተካ። ቀጥሎ የኋላዎቹ ሁለት በሮች ተነቅለው የታችኛው ግማሻቸው ተቆረጠና ግድግዳ ተደግፈው ተቀመጡ።

የእናቴ ምጥ የመጣው ልክ ያን ጊዜ ነው፤ ቀኗም ገና አልደረሰም ነበር። ሌሊቱን ዝናብ ስለጣለ መንገዱ ጭቃ ሆኗል፤ ሚኒባስም ሪክሻም ወደ ሰፈራችን አልገባ አለ። ጎረቤታችን ሐጃ ሱዓድ፣ ግድግዳ የምንጋራቸው ሱዳናዊት፣ እናቴን ደግፈው ይዘው «ሩጪ፣ አባትሽን ጥሪ» አሉኝ። ስሮጥ አንድ ጫማዬ ጭቃ ውስጥ ቀረ።

አባቴ ሰምከሪው ዘንድ ነበር። እናቴን ምጥ እንደያዛት ስነግራቸው ዐም ዑስማን በሮቹን አዩ፣ እሱንም አዩት፤ ከዚያ የኋላውን ወንበር አንስተው ቦታው መለሱት። አባቴ በር የሌላትን ታክሲ እየነዳ ደጃፋችን ደረሰ።

እናቴ አይታ ቆመች። የወሎ ሴት ናት፤ ሱቅ እንኳ ሳትከናነብ አትወጣም።

«በዚህ አልሄድም» አለች። «ሰፈሩ ሁሉ እያየኝ ላምጥ?»

«ታዲያ ምን ላድርግ ዘይነባ?» አለ አባቴ። ድምፁ እንደዚያ አንሶ ሰምቼው አላውቅም።

ሐጃ ሱዓድ ቤታቸው ገብተው ሁለት ቶብ ይዘው ወጡ፤ የሱዳን ሴቶች ከራስ እስከ እግር የሚጠቀለሉበትን ረጅም ጨርቅ። አንዱን ይዘው በአንድ በኩል ተቀመጡ፤ ሌላውን ለእኔ ሰጥተው በሌላው በኩል አስቀመጡኝ። እናቴ መሃል ሆነች።

«ከላይም ከታችም አጥብቀሽ ያዢ» አሉኝ። «ነፋሱ ጨርቁን ከወሰደው እናትሽን አጋለጥሻት ማለት ነው። ያላ ሰይድ፣ ንዳ።»

ከመንገዱ ያየሁት ነገር የለም። ፊቴ ላይ የሚነፋ ሰማያዊ ጨርቅ፣ የጭቃው ፍንጣሪ፣ ከኋላዬ የእናቴ ትንፋሽና «ያ ረቢ» የሚለው ድምፅዋ ብቻ ነው ትዝ የሚለኝ። እጄ ዝሎ ነበር፤ አልለቀቅኩም።

መስቀለኛው መንገድ ላይ ፖሊስ አስቆመን። አባቴን «በሮቹ የት አሉ?» ሲለው ሰማሁ። ሐጃ ጨርቁን ሳያወርዱ ከላዩ ራሳቸውን ብቅ አደረጉ።

«ልጄ፣ እናትህ አንተን ልትወልድ ስትሄድ መንጃ ፈቃድ ጠይቀዋታል?»

ፖሊሱ ወደ መንገዱ መሃል ገብቶ በሌላ በኩል የሚመጡትን መኪኖች በእጁ አገደልን።

ሆስፒታል ደርሰን የቀትር አዛን ሳይባል እህቴ ተወለደች። ሱዓድ ተባለች። አባቴ በሳምንቱ በሮቹን አስገጠመ፤ አዲሱ ቢጫ ከአሮጌው ጋር እስከ መጨረሻው አልተመሳሰለም።

አሁን ኮምቦልቻ ነው የምንኖረው። ጦርነቱ ካርቱም ሲገባ ካላክላ ተበተነ፤ አባቴ ይህን ሳያይ ነው የሞተው። ያለንበት ቤት ጥሩ ነው፤ ውሃም መብራትም አለው። ግድግዳ የሚጋሩንን ሰዎች ግን ደረጃ ላይ ስንገናኝ ሰላም ከመባባል በቀር አናውቃቸውም። ሐጃ ሱዓድን አንዳንዱ መደኒ ከተማ ገብተዋል ይላል፣ ሌላው ግብፅ ናቸው ይላል። እናቴ ጁምዓ ጁምዓ ትደውልላቸዋለች። በዐረብኛ የሚመልሰውን የተቀዳ ድምፅ እስኪጨርስ ታዳምጠዋለች።

«ዝግ ነው እኮ፣ እማ» እላታለሁ።

«አውቃለሁ» ትለኛለች። «ሲከፍቱት እንዳያጡኝ ነው።»