የማይለቀው ሐምራዊ

ሚዛን ከተማ ሆስፒታል ነርስ ሆኜ በተመደብኩበት ዕለት የተሰጠኝ ሥራ አፍ መቀባት ነበር። ኤችአይቪ ያለባቸው ሕሙማን አፋቸው ውስጥ ነጭ ፈንገስ ሲወጣባቸው፣ ጂቪ የምንለውን ሐምራዊ መድኃኒት በጥጥ እንቀባቸዋለን። ከሥራ ስወጣ ጥፍሬም ጋውኔም ሐምራዊ ሆኖ ነበር።

የክፍሉ ኃላፊ «አንቺ ልጅ፣ የተቀጠርሽው ለቀለም ቀቢነት ነው እንዴ?» ብላ ሳቀችብኝ።

እየዋልን እያደርን ቀለሙን ስለለመድነው ሐምራዊ አፍ አያስደነግጠንም። «ተቀብቷል» ብለን እናልፋለን።

ማርቆስ ከቴፒ መጥቶ እኛ ክፍል ተኛ። የቡና ማጠቢያ ሠራተኛ፣ የመዘምራን መሪ፣ ጨዋታ አዋቂ ሰው ነው። ኤችአይቪ እንዳለበት ካወቀ ገና ወራት ቢሆነው ነው። ለሳሉ የቲቢ መድኃኒት ቢጀምርም ሳሉ ጭራሽ ባሰበት፤ ደምም ቀላቀለ።

አንድ ቀን ጠዋት ልብሱን ለባብሶ፣ ባለቤቱ አስቴርም ፌስታል አንጠልጥላ አገኘኋቸው።

«ወዴት ነው?»

«ቤቴ ልግባ ሲስተር። ይህ ሁሉ ክኒን ካላዳነኝ ልጆቼ መሃል ልሙት።»

እንባዬ እንዳይመጣ ቀልድ ጀመርኩ። «አንተ ከሄድክ መዝሙሩን ለዶክተሩ ልንተወው ነው? የሱ ድምፅ እኮ በሽተኛ ያባርራል!»

ማርቆስ ከት ብሎ ሳቀ። ያኔ ላንቃው ላይ ሐምራዊ ነገር አየሁ።

«ማን ቀባህ?»

«ኧረ እኔ ተቀብቼ አላውቅም!»

ጎዝ፣ ያንን ስስ የቁስል ጨርቅ፣ በውኃ ነክሬ ቀስ ብዬ ጠረግኩት። ጎዙ ነጭ እንደሆነ ወጣ፤ ጂቪ ቢሆን ይነካው ነበር።

ዶክተሩን ጠራሁት። በባትሪ አይቶ «ካፖሲ ይመስላል» አለ። ኤችአይቪ አቅም ያሳጣው ሰውነት ላይ የሚወጣ ካንሰር ነው። «እዚህ ካለ ሳንባውም ውስጥ ሊኖር ይችላል። ሊምፎማ የሚባለው ሌላ ካንሰርም ቢሆን ሳል ሆኖ ይመጣል። ጅማ ሄዶ ይታይ።»

ማርቆስ አልጋው ላይ ቁጭ አለ። «ካንሰር ነው የምትለኝ?»

«ትድናለህ ብዬ ቃል አልገባልህም። እስካሁን ግን ለዚህኛው በሽታ አልታከምክም።»

አስቴር ባሏን በክንዱ ያዘችው። «ተነስ በል፤ መኪናው ሳይሞላ» አለችው።

ጅማ የሳንባውን ቧንቧ በካሜራ አይተው ካፖሲ መሆኑን አረጋገጡ። የኤችአይቪ መድኃኒቱን ሳያቋርጥ ኬሞቴራፒ ወሰደ። ከወራት በኋላ ከመናኸሪያ በእግሩ ሽቅብ መጥቶ በራችን ላይ ሳየው፣ ሥራዬን ጥዬ አቀፍኩት።

ከሱ በኋላ ይህ በሽታ የተገኘባቸው ሁሉም እንደ ማርቆስ አልተመለሱም። አንዳንዶቹ እኛ ዘንድ የደረሱት ሳንባቸው ካለቀ በኋላ ነበር።

ቲቢ በበዛበት አገር ሳል ሁሉ ቲቢ ይመስላል። መድኃኒቱ አልሠራ ካለ በሽታውን እንደ አዲስ ፈልጉ።