አስራ አንድ ማሊያ

ገዳሪፍ ውስጥ አሰልጣኝ የሆንኩት ተምሬ አይደለም፤ ጉልበቴ ስለከዳኝ ነው። ጎንደር ሳለሁ ሁለት ዓመት በክለብ ተጫውቻለሁ። በገላባት በኩል ወደ ሱዳን ስገባ ግን ሰሊጥ ማጨድ እንጂ ኳስ በሐሳቤም አልነበረም። ኳስን የመለሰልኝ አብሮኝ ሰሊጥ ያጭድ የነበረ ሰው ነው። በአስር ዓመት ስለሚበልጠኝ ጋሼ እለዋለሁ። እንደመጣሁ ሰሞን የሚተኛበትን የገመድ አልጋ ለቀቀልኝና እሱ መሬት ላይ ተኛ። አርብ ሲደርስ ደግሞ እጄን ይዞ ሜዳ ወሰደኝ።

ቡድናችን የቀን ሠራተኞች ቡድን ነው። ዛሬ የተሰለፈው በሳምንቱ ሎሪ ላይ ተጭኖ እርሻ ይወርዳል። ያለን ማሊያ አስራ አንድ ብቻ ነው። ስለዚህ የሚቀየር ሰው መስመሩ ላይ ቆሞ ማሊያውን ያወልቃል፤ የሚገባው ያንኑ በላብ የራሰውን ይለብሳል። የወጣው ጨዋታው እስኪያልቅ ድረስ ደረቱን ገልጦ ይቀመጣል። ይህ ለማንም ቀላል አይደለም።

ጉልበቴ የተጎዳ ዕለት ከሜዳ ተሸክሞ ያወጣኝ ጋሼ ነው። እጆቼን አንድ በአንድ ከፍ አድርጎ ማሊያዬን አወለቀልኝ፤ ለሌላ ሰው ሰጠና ራሴን ዳበሰኝ። ከዚያ ወዲህ መስመሩ ላይ ቆሜ መጮህ ጀመርኩ። ሱዳኖቹ «ሙደሪብ» አሉኝ፤ አሰልጣኝ ማለታቸው ነው። ሹመቱ በዚሁ ጸደቀ።

ዘንድሮ ከእህል ገበያ ተሸካሚዎች ጋር ስንጫወት አንድ ለዜሮ ተመራን። ጋሼ አምበላችንና ዘጠኝ ቁጥራችን ነበር። እግሩ ግን ደክሟል፤ ኳስ በተሻገረለት ቁጥር ዘግይቶ ይደርሳል። አጠገቤ አንድ ፈጣን አጥቂ ተቀምጧል። ልጆቹ ሁሉ ምን እንደማደርግ ዞር እያሉ ያዩኛል። እኔም ማድረግ ያለብኝን አውቃለሁ። ነገር ግን በዚህ አገር ያለኝ ዘመድ እሱ ብቻ ነው። ማሊያውን ሰው ፊት ባስወልቀው ዳግመኛ የማያናግረኝ መሰለኝ፤ ፈራሁ።

ስለዚህ አሳፋሪ ነገር ሠራሁ። ምንም ያላጠፋውን የግራ ተከላካይ ጠርቼ ማሊያውን ለአጥቂው እንዲሰጥ አዘዝኩት። ሰውየው ማሊያውን እግሬ ሥር ወርውሮ ደረቱን ገልጦ ቆመ። ብዙም ሳይቆይ በዚያው በተከፈተው ግራ በኩል ሁለተኛ ጎል ገባብን። ደግ አደረጉኝ።

ጋሼ ኳሱ መሃል እስኪመለስ አልጠበቀም። ማሊያውን እያወለቀ ወደ መስመሩ መጣ፤ ለተከላካዩ አለበሰውና ወደ ቦታው ሰደደው። የወጣ ሰው ይመለሳል ወይ ብሎ የጠየቀ የለም፤ የሰፈር ዳኛ ምን ገዶት። ከዚያ አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠ። የጎድን አጥንቱ ይቆጠራል። እንዲህ ከስቶ እንደነበር ልብ አላልኩም።

«አንተ ልጅ፣ ጉልበትህ የተጎዳ ዕለት ማሊያህን ያወለቅሁልህ እኔ ነኝ» አለኝ። «ጠላኸኝ?»

«ኧረ ጋሼ፣ በፍጹም።»

«ታዲያ እኔ እጠላሃለሁ ብለህ ለምን ጠረጠርከኝ?»

እንባዬ መጣ። ሸሚዜን አወለቅሁና፣ እሱ ያኔ እንዳደረገልኝ፣ እጆቹን አንድ በአንድ ከፍ አድርጌ አለበስኩት። ትከሻው ላይ ጠቦታል። የተሸካሚዎቹ ደጋፊዎች ሙደሪቡን ደግሞ ማን ቀየረው እያሉ ሳቁብኝ። ይሳቁ።

ጋሼ በጠባቡ ሸሚዝ እጅጌ ፊቱን ጠረገ፤ ከዚያ በክርኑ ጎሸም አደረገኝ።

«ኻላስ፣ ይበቃል» አለኝ። «ማልቀሱን ተወውና ተነሥ፤ ልጆቹ አንተን ነው የሚያዩት።»