አሥራ ሰባተኛዋ ዛጎል

ጋሽ ማኑሄ ኮልፌ 18 ማዞሪያ ብርድ ልብስ ሲሸጡ የኖሩ፣ በዕድሜያቸው አንድ ብርጭቆ አጥበው የማያውቁ ሰው ናቸው። ስማቸውን ለማጥፋት አይደለም፤ ግቢያቸው ውስጥ ተከራይቼ ስኖር ስድስት ዓመቴ ነው፣ ያየሁትን ነው የምለው።

ባለፈው ጥር ባለቤታቸው እትዬ አልማዜ ለሐሞት ጠጠር ኦፕራሲዮን ሆስፒታል ሲገቡ፣ አደራ ያሏቸው ቤቱን ሳይሆን ዓሣውን ነው። ስሙ ሻምበል ነው። ሳሎን ባለው የመስታወት ገንዳ ውስጥ፣ የእትዬ ወንድም ከጅቡቲ ባመጣላቸው ዛጎሎች መሃል ይኖራል።

«አንተ፣» አሉ እትዬ አልማዜ በር ላይ ቆመው። በሠላሳ አንድ ዓመት ትዳር ባላቸውን በስማቸው ጠርተዋቸው አያውቁም ይባላል። «ስመለስ ዓሣዬንም አሥራ ሰባቱን ዛጎሎቼንም እፈልጋለሁ።»

በአራተኛው ቀን ዛጎሎቹ አረንጓዴ ለበሱ። ጋሽ ማኑሄ ሚስታቸውን ሊያስደስቱ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። በረኪና ሲያነሱ ደረስኩ።

«ኧረ ጋሼ፣ ሻምበልን ሊገድሉት ነው! ሳሙናም አይንካው!»

ውሃ አፍልተው ዛጎሎቹን ዘፈዘፏቸው፣ በገዛ የጥርስ ብሩሻቸው ፈተጓቸው። ከዚያ ሰፌድ ላይ አስጥተው በር ላይ ተቀመጡና ቆጠሩ። አሥራ ስድስት። ደግመው ቆጠሩ። ያው አሥራ ስድስት።

ጎረቤታችን ዘመነች ስታልፍ ያየችው ታዲያ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ ሰፌድ ሙሉ ዛጎል እያገላበጡ «አንዷ የለችም… የት ትሄዳለች፣ ትመጣለች» ሲሉ ነው። ዘመነች ደግሞ ዶሮዋ ከጠፋች ሁለት ቀኗ ነበር። አመሻሹ ላይ ዶሮዋ መጣች።

በማግስቱ ጠዋት አምስት ሴቶች ዕድላቸውን ሊያስነግሩ በራችን ላይ ተገኙ። ጋሽ ማኑሄን፣ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌውን፣ ላብ አጠመቃቸው።

«እህቶቼ፣ እኔ ዛጎል አጣቢ እንጂ ዛጎል ጣይ አይደለሁም!»

«የሚያውቅ ሰው መች አውቃለሁ ይላል?» አለች ዘመነች፣ አግዳሚ ወንበር ከቤቷ እየጎተተች። ሴቶቹም ማንም እንዳይለያቸው ነጠላቸውን እስከ ዓይናቸው ተከናንበው፣ አንገታቸውን ደፍተው አግዳሚው ላይ ተደረደሩ። ጋሽ ማኑሄ ጥለዋቸው ቤት ገቡ።

እትዬ አልማዜ ከታክሲ የወረዱት ይኼኔ ነው። አግዳሚውን አዩ፣ የተከናነቡትን ሴቶች አዩ፣ ባላቸውን አጡ። ደረታቸውን መቱ።

«ወይኔ ሆዴ! ወይኔ የኔ ጌታ! ጥለኸኝ ሄድክ?»

ስፌታቸው እንዳይፈታ ሮጬ ያዝኳቸው። እውነቱን ለመናገር፣ ሰውየው ደህና መሆናቸውን እያወቅኩ እኔም አለቀስኩ።

ጋሽ ማኑሄ ሰፌዳቸውን እንደታቀፉ ብቅ አሉ። እትዬ ጩኸታቸውን ባንዴ ዋጡት።

«ዛጎሌን ምን አድርገህ ነው?»

«አጥቤ ነው። ግን አንዷ… አንዷ ጠፋችብኝ፣ አልማዜ።»

እትዬ አልማዜ የነጠላቸውን ጫፍ ፈቱ። አሥራ ሰባተኛዋ እዚያ ተቋጥራ ነበር።

«ቤቴ እንዳይናፍቀኝ ብዬ ከበር ተመልሼ ሆስፒታል ይዣት ገብቼ ነው።»

«አላልኳችሁም? ትመጣለች ብለው ነበር!» ዘመነች እልልታዋን አቀለጠችው።

ጋሽ ማኑሄ እልልታውንም አልሰሙ። «የኔ ጌታ ያልሽው እኔን ነው?»

«ሻምበልን ነው።»

«ለዓሣ አግዳሚ ይወጣል እንዴ?»

እትዬ አልማዜ ዓይናቸውን ጠረጉ። ዛጎሏን ከእህቶቿ ጋር ሰፌዱ ላይ አስቀመጧት።

«በል ግባ፣ ማኑሄ። ብርድ እንዳይመታህ።»