እሜቴና የባሏ ካርድ

ከኋላዋ እሜቴ ይሏታል። ፊት ለፊት ግን "እትዬ" ናት፤ ለዚያውም አንገት ሰበር ተደርጎ። በከተማው ቤተ መጻሕፍት የውሰት ጠረጴዛ ላይ ዕድሜዋን የጨረሰች ሴት ናት። ከጠረጴዛው ሥር፣ ቁልፉ ከአንገቷ የማይወርድ ቁም ሳጥን አለ። እውነቱን ለመናገር ቤተ መጻሕፍቱ ማለት ያ ቁም ሳጥን ነው። አዲስ ልብ ወለድ ሲገባ፣ ለፈተና የሚፈለግ መጽሐፍ ሲመጣ፣ ስለ ልጅ አስተዳደግም ሆነ ስለ ስኳር በሽታ ደህና ነገር ሲገኝ መጀመሪያ የሚያርፈው እዚያ ነው። መደርደሪያው ላይ የሚቀረው ሽፋኑ የተገነጠለው፣ ማንም ዞር ብሎ የማያየው ነው። እሱን ደግሞ ሰላምታ የማያውቅ ሰው ይልቀመው።

ሰላምታ የሚያውቅማ ከሩቁ ይታወቃል። የሐኪሙ ሚስት ገና ከበሩ ስትገባ "እትዬ፣ ዛሬስ እንዴት አምሮብዎታል" ትላለች። ጡረተኛው አስተማሪ ኮፍያውን አውልቆ የጉልበቷን ሕመም ይጠይቃታል። እሜቴ ትንሽ ታስለምናቸዋለች፣ "ወይ ጉድ፣ ትናንት መጥታችሁ ቢሆን" ትላለች፣ ከዚያ ጎንበስ ብላ ከቁም ሳጥኑ ታወጣለች። ሲሄዱም ለባልደረቦቿ ታማቸዋለች። "እሱ ሁለተኛውን ገጽ ካለፈ ስሜን ቀይሩት። እሷ ደግሞ የምትወስደው ሳሎን ውስጥ እንግዳ እንዲያይላት ነው።" ሰውን በሚያነበው መጽሐፍ ልክ እንደምትመዝን፣ ሚዛኗም አንድ ቀን ተሳስቶ እንደማያውቅ ትናገር ነበር። ራሷ ከጀመረቻቸው መጻሕፍት የጨረሰችው ስንት እንደሆነ ግን የጠየቃት የለም፤ ማን ደፍሮ።

ባሏ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ብረት በያጅ ነበር። የቤተ መጻሕፍቱን መደርደሪያዎች የበየደው እሱ ነው፤ የተዋወቁትም ያኔ ነው። በተጋቡ ሰሞን በስሙ የአንባቢ ካርድ አውጥታለት ነበር። አንድ ቀን እንኳን አልተጠቀመበትም። እሷም ይህን ለእንግዳ ሁሉ ታወራው ነበር። "የእኔ ባል መደርደሪያ እንጂ መጽሐፍ አያውቅም። ጋዜጣ እንኳን ብትሰጡት ብረት ይጠቀልልበታል። ሰነፍ ነው፣ ምን ላድርገው" ትላለች። እንግዶቹ ይስቃሉ፣ እሱም አብሯቸው ይስቃል። ደግ ሰው ነበር፤ ደግነት ደግሞ እሜቴ ዘንድ የሞኝነት ሌላ ስሙ ነው። ካረፈ ሁለት ዓመት አልፎታል።

ዳይሬክተሩ ከውሃ ቢሮ ተዛውሮ የመጣ ሰው ነው። መጽሐፍንም እንደ ውሃ ስንት ገባ፣ ስንት ወጣ እያለ ነው የሚለካው። አንድ ቀን ከስብሰባ ሲመለስ ትከሻው ላይ አዲስ ቦርሳ፣ አፉ ውስጥ አዲስ ቃል ይዞ መጣ። ቤተ መጻሕፍቱ ኦንላይን ሊገባ ነው። ሥልጠና አለ። ሥልጠናውን የማያልፍ ደግሞ ከጠረጴዛ ተነስቶ ምድር ቤት ይወርዳል፣ የተቀደደ መጽሐፍ ሲለጥፍ ይኖራል። ይህን ሲል ማንንም አላየም፤ ሁሉም ሰው ግን እሜቴን አየ።

አሠልጣኙ ግማሹን በባዕድ ቋንቋ፣ ግማሹን በእጁ የሚያወራ ጎረምሳ ነበር። እሜቴ ከኋላ ወንበር ተቀምጣ፣ መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ አድርጋ፣ ልብሱን ስትገመግም ቆየች። አንድ ነገር ሲናገር ግን ጆሮዋ ቆመ። ከእንግዲህ አንባቢ ቤቱ ቁጭ ብሎ የትኛው መጽሐፍ እንዳለ በስልኩ ያያል። የፈለገውንም እዚያው ሆኖ ያስይዛል። ቀድሞ ያስያዘ ይወስዳል። ማንንም መለመን የለም።

ማንንም መለመን የለም። እሜቴ ቃሉን ለራሷ ደገመችው። ጠረጴዛው ላይ ብትቀመጥም የሚለምናት ከሌለ ምኗ ነው ጠረጴዛ? መጽሐፍ ተቀብሎ መጽሐፍ ማቀበል የማንም ነው። ተሰናብተው ሊወጡ ሲሉ እጇን አወጣች።

"ልጄ፣ አንድ ሰው ስንት መጽሐፍ ማስያዝ ይችላል?"

"የፈለገውን ያህል፣ እትዬ።"

ዳይሬክተሩ ተደሰተ። "እንዲህ ነው ለለውጥ መነሳሳት" ብሎ አስጨበጨበላት።

ቤቷ ገብታ ሴት ልጇን "አስተምሪኝ" አለቻት። ልጅቷ ፋርማሲ ውስጥ የምትሠራ፣ የአባቷን መልክና የእናቷን ምላስ የወረሰች ናት።

"እማዬ፣ ቀስ ብለሽ ንኪው። በር እያንኳኳሽ አይደለም።"

"ታዲያ ለምን አይከፈትም?"

"የይለፍ ቃልሽን ተሳስተሽ ነዋ። ምን ነበር ያልሽው?"

"ለአንቺማ አልነግርሽም። የይለፍ ቃል ለሰው አይነገርም ብሏል ልጁ።"

እንዲህ እየተነታረኩ ሰነበቱ። ግን ተማረች። መቼም ጥቅሙን ያየ ሰው የማይማረው ነገር የለም። መፈለግ፣ ማስያዝ፣ ማዋስ፣ መመለስ፣ የመመለሻ ቀን ማራዘም፣ ሁሉንም ለቀም አደረገችው። ፈተናውን ከሁሉም በልጣ አለፈች። ጎረምሳው "እንዲህ ያለ ተማሪ አላየሁም" አለ፤ እሷም አላየህም የሚል ፊት አሳየችው። አወቅሽ አወቅሽ ሲሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች የሚባለው እንዲህ ያለችው ሴት ናት።

ምክንያቱም ፈተናውን ባለፈች ማግስት የባሏን የድሮ ካርድ አውጥታ ወደ ሲስተሙ አስገባችው። የስልክ ቁጥር ሲጠይቃት የራሷን ሞላች። ከዚያ ወዲህ ደህና መጽሐፍ በመጣ ቁጥር ገና ከካርቶኑ ሳይወጣ በሟቹ ስም ይያዛል። ያስያዘ ሰው መጥቶ ካልወሰደ ሲስተሙ ለሌላ ይለቅበታልና፣ ሟቹ መዋስ አለበት፤ እሜቴም ታውሰዋለች። የመመለሻው ቀን ሲደርስ ትመልስለትና መልሳ ታውሰዋለች። መጽሐፉ ግን ከቁም ሳጥኑ ንቅንቅ አይልም። ሰው ስልኩን ሲከፍት "ተይዟል" ይለዋል። ተስፋ ቆርጦ ወደ ጠረጴዛው ይመጣል፣ አንገቱን ይሰብራል። እሷም ስክሪኑን ዞር አድርጋ ታሳየዋለች። "አየህ? እኔ ምን ላድርግ፣ ማሽኑ ነው። እስቲ ለአንተ ብዬ ሰውየውን ልለምነው።" ድሮ ቢያንስ የሚጠረጥራት ነበር። አሁን ምስክሯ ኮምፒዩተር ነው፤ ልመናው በእጥፍ ጨመረ። የሐኪሙ ሚስት ሽቶ እስከማምጣት ደረሰች።

በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ። ቁም ሳጥን አይቆጥርም፣ ሲስተም ግን ይቆጥራል። ይህን ጎረምሳው አስተምሮ ነበር፤ እሜቴ ያን ዕለት ለማስያዝ እንጂ ለመቆጠር ጆሮ አልነበራትም። ዳይሬክተሩ በዓመቱ መጨረሻ ሪፖርት አውጣ ሲለው፣ ሲስተሙ የከተማውን ምርጥ አንባቢ ስም አውጥቶ ሰጠው። ሁለተኛ የወጣው አጠገቡም አልደረሰም። ከልብ ወለዱም፣ ከሕክምናውም፣ ከፈተና ማዘጋጃውም አንብቧል፤ ምን ዓይነት ሰው ነው? ዳይሬክተሩ ሰውየውን ሳያይ ወደደው። "ኦንላይን አገልግሎታችን ያፈራው ሞዴል አንባቢ" ብሎ ለዋናው መሥሪያ ቤት ላከ። ሽልማት አዘጋጀ፣ እንግዳ ጠራ። ይህን ሁሉ ከጨረሰ በኋላ ነው ለሰውየው መደወል ትዝ ያለው።

የእሜቴ ስልክ ጠረጴዛዋ ላይ ጮኸ። አነሳችው።

"ጤና ይስጥልኝ" አለ ዳይሬክተሩ ከቢሮው ሆኖ፣ የባሏን ስም ከነአባቱ ጠርቶ። "እሳቸውን ማነጋገር እችላለሁ?"

እሜቴ ድምፁን ለይታዋለች፤ በሩ ክፍት ነበርና በአንድ ጆሮዋ ከስልኩ፣ በሌላው ከኮሪደሩ ትሰማዋለች። "ባለቤቴ ነው" አለች። "ሞቷል።"

ዳይሬክተሩ ስልኩን እንደያዘ ከቢሮው ወጣ። አያት፣ አየችው። ቢሮው ውስጥ አስገብቶ በሩን ዘጋ። እንደ ጅል ነው የምታየው፣ ግን ጅል አይደለም፤ ሁለት ጥያቄ ጠየቃትና ሁሉም ነገር ገባው። ይናደዳል ብላ ጠብቃ ነበር። እሱ ግን የተጨነቀው ለሌላ ነው።

"ሪፖርቱ ሄዷል" አለ። "ሪፖርት ከሄደ በኋላ አይመለስም። መቼ እንዳረፉ ማን ይጠይቃል? በቅርቡ ያረፉ ታላቅ አንባቢ እንላለን። እርስዎ መድረክ ላይ ወጥተው ስለ ንባብ ፍቅራቸው ትንሽ ይናገራሉ። ከዚያ ጠረጴዛዎ ላይ ይቀመጣሉ፣ እኔም ምንም አላየሁም። አይሆንም ካሉ ግን ምድር ቤት ነው፤ ያውም ከነማስጠንቀቂያ ደብዳቤው።"

እሜቴ አላመነታችም። ባሏን ስታማ የኖረች ሴት ማወደስ ያቅታታል? ማምሻውን ልጇን ጠርታ ነገሩን ሁሉ ነገረቻትና "ኮምፒዩተሩ ላይ ጻፊልኝ" አለቻት። "ባለቤቴ መጽሐፍ ሳይዝ እንቅልፍ አይወስደውም ነበር በይ። መጀመሪያ በእሱ ጀምሪ።"

ልጅቷ አልጻፈችም። እጇን ከኪቦርዱ አንስታ ጭኗ ላይ አስቀመጠች።

"እማዬ፣ አባዬ ማንበብ አይችልም ነበር።"

"አይወድም ነበር በይ። ሰነፍ ነበር።"

"አይችልም ነው የምልሽ። ፊደል አልቆጠረም። ፊርማውን እንኳን ሰው አሳይቶት ነው፣ የመስኮት ብረት እንደሚያጣምመው ነበር የሚስላት። አንደኛ ክፍል እያለሁ የቤት ሥራዬን ጮክ ብለሽ አንብቢ ይለኝና አጠገቤ ይቀመጥ ነበር። ከእኔ ጋር ሊማር ሞክሯል። አንቺ ስትገቢ ደብተሩን በእጁ ይሸፍነዋል።"

"ቤት ውስጥ ስንት ወረቀት ነው ያለፈው! እንዴት አላውቅም?"

"ወረቀቱን ሁሉ የምታነቢው አንቺ ነበርሽ። ለእሱ ያስተረፍሽለት የለም።"

እሜቴ ወንበር ስባ ተቀመጠች። "ለምን አልነገረኝም?" አለች።

"አንቺን ፈርቶ ነዋ" አለች ልጅቷ። "እንግዳ ፊት ሰነፍ ስትይው የሚስቀው ለምን መሰለሽ? ሰነፍ መባሉ ይሻለው ነበር።"

ሰውን በሚያነበው መጽሐፍ የምትመዝነው እሜቴ፣ አብሯት የተኛውን ሰው አንድ መስመር አላነበበችውም። ይህን እኔ አይደለሁም ያልኩት፣ እሷው ራሷ ናት ለራሷ ያለችው፤ በእርግጥ ትንሽ ከረር ባለ ቃል። ያን ምሽት አለቀሰች። በባሏ ቀብር ካለቀሰችው ይበልጥ አለቀሰች፤ ያን ጊዜማ ለሰው ዓይን ነበር።

የሽልማቱ ቀን አዳራሹ በፕላስቲክ አበባ ተሞልቶ ነበር። ከዋናው መሥሪያ ቤት የመጡት ፊት ወንበር ላይ ተደርድረው ውሃ ይጠጣሉ። የሐኪሙ ሚስት ጥቁር ለብሳ መጥታለች፤ ለማታውቀው ሰው በማዘን የእሷን ያህል የሚፈጥን የለም። ዳይሬክተሩ ስለ ውሃ ይሁን ስለ መጽሐፍ በማይታወቅ ንግግር ሰውን ሲያደክም ቆይቶ እሜቴን ጠራት። ልጇ ከጥግ ተቀምጣ ወለሉን ታያለች።

እሜቴ ወደ ማይክሮፎኑ ወጣች። ልጇ ስላልጻፈችላት ዳይሬክተሩ ያስጻፈላትን ወረቀት አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

"ካርዱ የባለቤቴ ነው" አለች። "መጽሐፎቹን ያስያዝኩት ግን እኔ ነኝ፤ እሱ ካረፈ በኋላ። ሰው እኔን ሳይለምን እንዳይወስዳቸው ብዬ ነው።"

ዳይሬክተሩ ግማሽ ተነስቶ መልሶ ተቀመጠ። ጡረተኛው አስተማሪ ኮፍያውን አናቱ ላይ ደፋ፤ ከእንግዲህ ለእሷ እንደማያወልቀው ታውቋል። የጠረጴዛው ነገር አበቃለት። እሜቴም ይህን እያወቀች ነው የተናገረችው።

ከዋናው መሥሪያ ቤት ከመጡት አንዷ ፊቷን ኮስተር አድርጋ "ታዲያ ባለቤትዎ ከእነዚህ ሁሉ አንድም አላነበቡም?" ስትል ጠየቀች።

ልጅቷ ከጥግ ቀና አለች። እሜቴ ማይክሮፎኑን በሁለት እጇ ያዘችው።

"አላነበበም" አለች። "ማንበብስ ይወድ ነበር። እኛን ሊያኖር ሲሠራ ጊዜ አጥቶ ነው።"