ሰም የጠጣው መስኮት

ባለፈው ጥር ባሕር ዳር፣ የልጄ የሰብለ ትንሽ ጀልባ ውስጥ ተቀምጬ ሳለ፣ አልጋው ላይ ከተዘረጉት የመጋረጃ ናሙናዎች አንዱን ፀሐይ አግኝቶት ሞቅ ሲል፣ ከልጅነቴ ወዲህ ያልሸተተኝ ሽታ መጣብኝ፤ ሰም የጠጣ ጨርቅ ሽታ። ሰብለ ጅዳ ብዙ ዓመት ሠርታ የተመለሰች ናት፣ ባሏም ጣና ላይ ጀልባ የሚነዳ ሰው ነው። ጀልባዋ እንግዶች ወደ ጎርጎራ ሲሄዱ የሚያድሩባት ስለሆነች መኻሏ ላይ ጠባብ መኝታ ክፍል አላት፤ ክፍሉም ዙሪያውን ትንንሽ መስኮቶች አሉት። ልጄ ከመካነ ሰላም ድረስ ያስመጣችኝ ለእነዚያ መስኮቶች መጋረጃ እንድመርጥላት ነበር።

ትክክለኛውን ሰው ነው የጠራችው። በከተማችን ሬዲዮ ፈትቼ መልሼ በመግጠም ቀዳሚው እኔ ነኝ፤ በርና ሳጥን ሠርቻለሁ፤ ማመልከቻ ስጽፍም ምን ለማለት ፈልገህ ነው ብሎ የመለሰልኝ ዳኛ የለም። ይህን ሁሉ ማንም አላስተማረኝም። የመስኮት ነገር ግን ከሁሉም በፊት የገባኝ ነው፤ የገባኝም በአንድ ዓመት፣ በአንዲት ቀዳዳ ምክንያት ነው።

ቤታችን ከመካነ ሰላም ገበያ ወጣ ብሎ፣ ነፋስ የማይለየው ጉብታ ላይ ነበር። አባቴ ሞላ ገበሬ ነበር፤ ፊደል አልቆጠረም፤ የጭቃው ግድግዳ እየተፈረፈረ አቧራው ወጡ ውስጥ ሲገባ ጊዜ፣ ከወረኢሉ አንድ ነጋዴ ዘንድ አሮጌ ጋዜጣ በአህያ ጭኖ አምጥቶ፣ በዱቄት ሙጫ ከላይ እስከ ታች ለጠፈው። ለጥፎ ሲጨርስ ከበሩ ላይ ቆሞ «አሁን ቤት መሰለ» አለ። ግማሹን ግድግዳ ግን ዘቅዝቆ ነበር የለጠፈው፣ ይህንንም ማንም አላወቀም፤ ማን ያውቃል፣ በቤቱ የሚያነብ አልነበረም።

እኔ ነኝ ያወቅሁት። አባቴ ለሥራ ስለሚፈልገኝ ትምህርት ቤት አልላከኝም ነበር፤ የጎረቤታችን የእቴ ዘሀራ ልጅ ግን ይማር ስለነበር የፊደል ገበታውን አዋሰኝና፣ ገበታውን ከግድግዳው ጋር እያስተያየሁ፣ ቀጥ ያለውን ቀጥ ብዬ፣ የተዘቀዘቀውን ጭንቅላቴን በእግሮቼ መኻል አሾልኬ አነብ ነበር። አንድ ቀን አባቴ ከእርሻ ሲገባ እንደዚያ ሆኜ ደረሰብኝ።

«አንተ ይመር፣ ወገብህ ተቆረጠ እንዴ?»

«ጋዜጣው ተዘቅዝቆ ነው፣ አባባ።»

«ማነው የዘቀዘቀው?»

«እርስዎ ነዎት።»

ከእኛ ጋር ትኖር የነበረችው የእናቴ እናት፣ ለቤተ ክርስቲያን የምትሰጠውን ጧፍ እየገመደች ከጥግ ተቀምጣ ነበርና፣ ክሩ ከእጇ እስኪወድቅ ሳቀች። አባቴ ግድግዳውን ቀና ብሎ አየና «ቤቱን የሠራሁት ልንኖርበት እንጂ ልናነበው አይደለም» ብሎ ወጣ። ዛሬም ቢሆን አንድ ጸሐፊ ጠረጴዛው ላይ ያስቀመጠውን ወረቀት ከማዶ ሆኜ እንደተዘቀዘቀ አነበዋለሁ፤ በዚህ ሙያ የሚስተካከለኝ ሰው እስካሁን አላየሁም።

ችግሩ መስኮቱ ነበር። ከጋዜጣው ትይዩ፣ ወንፊት የምታህል አንዲት ቀዳዳ ነበረች፤ መዝጊያ የላትም፤ የማነብበት ብርሃን በእርሷ ብቻ ነበር የሚገባው። በክረምት ዝናቡ በዚያች ቀዳዳ እየገባ መደቡን ሲያረጥበው እናቴ ጆንያ ሰቀለችበት፤ ጆንያው ውሃ ጠጥቶ እንደ ታመመ ከብት ከበደ፣ ቤቱም የሻገተ እህል ሸተተ፣ ብርሃን የሚባል አላሳልፍ አለ። መስከረም ጠብቶ ሰማዩ ሲጠራ ጆንያውን አነሳንና አባቴ የበግ ለምድ ቸነከረበት፤ እርሱም ደርቆ ተጨማደደና በአንድ ጎኑ ነፋስ፣ በሌላው ጎኑ የእቴ ዘሀራ ድመት ትገባ ጀመር። ጥቅምት ላይ ሰሌን ሞከርን። ሰሌኑን ወድጄው ነበር፤ ብርሃኑ በቀጫጭን መስመር እየተሰነጠቀ ጋዜጣው ላይ ሲያርፍ፣ አንዱን መስመር አንብቤ ሲያልቅ ፀሐይዋ ራሷ ወደሚቀጥለው ታሸጋግረኝ ነበር። ግን ሌሊቱን ሙሉ ያፏጫል፣ ውርጩንም እንዳለ ያስገባዋል።

ኅዳር ሲጋመስ እናቴ እኅቴን ወለደች። በእኛ አገር ኅዳር ሜዳው ነጭ እስኪሆን ውርጭ የሚጥልበት ወር ነው፣ አራስም ነፋስ እንዲነካት አይፈቀድም። ሕፃኗ ማሳል ስትጀምር አባቴ ወጣና ጭቃ በጭድ ረግጦ፣ አብኩቶ፣ በበርሚል ክዳን ይዞ ገባ። መስኮቱን ደፍኖ ሊመርገው ነው። እኔ ቀዳዳዋ ፊት ቆምኩ፤ እኅቴ ከጎኔ ታስላለች፣ ያልደረስኩበት ግማሽ ግድግዳ ደግሞ ከፊቴ አለ።

«ዞር በል።»

ዞር አልኩ። ሕፃን እያሳለች ምን እላለሁ።

ያኔ ነው አያቴ ከመደቡ የተነሳችው። «ሞላ፣ ጭቃህን እስኪ አሳርፈው።»

«እሜቴ፣ ልጄ በብርድ ትለቅብኝ?»

«ብርዱም አይገባም፣ ብርሃኑም አይቀርም። አብሽር።»

ከአልጋዋ ሥር አገልግሏን ሳበችና ከውስጡ የታጠፈ ነጭ አቡጀዲ አወጣች። ያን ጨርቅ ሁላችንም እናውቀው ነበር። የመገነዣዋ ነበር፤ ገና ባሏ ሲሞትባት ገዝታ ያስቀመጠችው፣ በየዓመቱ ክረምቱ ሲወጣ ፀሐይ ላይ ዘርግታ እያናፈሰች የምትመልሰው። በእኛ ዘንድ አሮጊት መገነዣዋን አዘጋጅታ መቀመጧ ክብሯ ነው፤ የማንንም እጅ ሳትጠብቅ መሄዷ ነው።

እናቴ ከአራስ መጋረጃዋ ውስጥ ሆና «እማዬ፣ እሱማ መገነዣሽ ነው» አለች።

«አውቃለሁ፤ አልታወርኩም።»

«ድንገት ብትሞቺስ?»

«እኔ ዛሬ አልሞትም። መስኮቱ ግን ዛሬ ሊሞት ነው።»

አባቴ የጭቃውን ክዳን እንደያዘ ቀረ። «እሜቴ፣ አያድርጉት። ሰው ምን ይለኛል? የአማቱን ከፈን መስኮት ላይ ሰቀለ ይለኛል።»

«ያለውን ይበል፤ ጋዜጣ ላይ ከጻፉትም ይመር ያነብልሃል።»

አባቴ ሳቁን ሊይዝ ሞክሮ አልሆነለትም። ጭቃውን አወጣውና የበጎቹን በረት መረገበት።

አያቴ ለጧፍ ያስቀመጠችውን ሰም በሸክላ አቅልጣ፣ ጨርቁን በቀዳዳዋ ልክ ቆርጣ ነከረችው። ቀጥታ ቢሰቀል ኖሮ እንደ ለምዱ ይጨማደድ ነበር፤ ከቀርከሃ ክፈፍ ሠርቼ ጨርቁ ሳይቀዘቅዝ እንደ ከበሮ ወጥሬ ያሰርኩት እኔ ነኝ፣ አባቴም በጣቱ መታ መታ አድርጎ «ይሄ ልጅ እጅ አለው» አለ። ሌላ ሰው ብዙ አሞግሶኛል፣ ያቺን ግን አልረሳትም።

ከዚያ በኋላ ያለው በጋ በሙሉ በዓይኔ ላይ ቢጫ ነው። ጠዋት ፀሐይዋ ክፈፉ ላይ ስታርፍ ቤቱ ማር የፈሰሰበት ይመስል ነበር፤ ነፋሱ ከውጭ እያጉረመረመ ይቀራል፣ ሰሙ ሞቅ ብሎ ይሸታል፣ እኅቴም ሳሏ እየቀለለ ሄዶ፣ በልደት ሰሞን ተዋት። እኔ ግድግዳውን ከዳር እስከ ዳር ጨረስኩት። አያቴ እየገመደች ታዳምጠኝ ነበርና፣ አንድ ቀን ወደብ ስለገባች መርከብ የተጻፈውን ሳነብላት ክሩን አቁማ ጠየቀችኝ።

«ውሃ ላይ የሚኖር ቤት ነው በለኛ።»

«አዎ፣ እማማ።»

«መስኮት አለው?»

«እሱን አይልም።»

«ካለው በምን ይጋርዱታል? እዚያ ነፋሱ ይብሳል።»

ጋዜጣውን ከላይ እስከ ታች እንደገና ፈለግሁት፤ ስለ መስኮት አንድ ቃል የለውም። 

ጎርምሼ ማመልከቻ መጻፍ ስጀምር፣ በመጀመሪያ ባገኘሁት ገንዘብ ወረኢሉ ወርጄ አዲስ አቡጀዲ ገዛሁና ጉልበቷ ላይ አኖርኩላት። በጣቶቿ አሸት አሸት አድርጋ «የፊተኛው ወፍራም ነበር» አለች። ከዚያ ግን አጥፋ አገልግሉ ውስጥ ከተተችው፣ የዚያን ዓመት መስከረምም ፀሐይ ላይ ስታናፍሰው ለእቴ ዘሀራ ሦስቴ ገልጣ ስታሳያት አይቻለሁ። ብዙ ቆይታ ስታርፍ በእርሱ ተገንዛ ሄደች። እኅቴ ዛሬ የልጅ ልጅ ታቅፋለች።

ሰብለ ናሙናዎቹን ደርድራ ስትጠብቀኝ ይህን ሁሉ አልነገርኳትም፤ ሰም የጠጣውን ብቻ አንስቼ «ይሄን» አልኳት።

«አባዬ፣ ብርሃን ያስገባል እኮ። እንግዶች የሚፈልጉት ጨለማ ነው፤ ያን ጥቁሩን ነው የሚወዱት።»

«በአልጋው በኩል ጥቁሩን አድርጊላቸው፣ ይተኙ። በጠረጴዛው በኩል ይሄን።»

«እሺ፣ አንተ ካልክ።»

ክፈፉን ራሴ ሠርቼ፣ ጨርቁን ራሴ ወጠርኩት፤ የልጄ ባል ከኋላዬ ሆኖ ይማር ነበር። የዛሬ ሰው ብርሃን በየአቅጣጫው ሞልቶለት፣ የሚከለክልበትን ጨርቅ ይመርጣል፤ አልፈርድበትም፣ ሐይቁ ቀን ሙሉ ያንጸባርቃል፣ ዓይን ይደክማል። እኛ ቤት የአንዲት ወንፊት ያህል እንዲገባ መገነዣ ተቆረጠ። ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ዘንበል ስትል ጠረጴዛው ቢጫ ሆነ፣ ሰሙም ሸተተ፣ እኔም እዚያው ተቀምጬ፣ ልጄ እንዳትሰማኝ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ «አለው፣ እማማ» አልኩ። «መስኮት አለው። የሚጋርዱትም አንቺ በጋረድሽበት ነው።»